እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክረው

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ለጓደኛ ዋስ ስለ መሆን ብጽፍ ጥቂት ደብዳቤዎች ደረሱኝ። ከነዚሁ አንዱ፥ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ ወጣት የላከው፥ «ፈርሞ ባለዕዳ መሆንስ ይሁን፤ ሳይፈርሙ፥ ሳይገዙና ሳይከራዩ ባለዕዳ መሆን አለን?» ሲል ይጠይቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። ደመወዙን ሲያጠራቅም ቆይቶ ሞተር ብስክሌት ሊገዛ ወደ አንድ መደብር ገባ። ሻጩም ነጋዴ ነውና፥ «ወንድሜ፥ ወሬ ምን ያደርጋል፤ ወስደህ ሞክረዋ!» ብሎ ቁልፉን በመዳፉ አኖረለት። ጠያቂዬ ቁልፉን እንደ ያዘ ቆመና፥ «ብወድቅስ ማን ይከፍላል?» አለ። ሻጩ ሳቀ። በሱቁ የነበሩትም አብረው ሳቁ። እርሱ ግን ሳቁ ስላልጣመው ቁልፉን መልሶ ወጣ፤ ማታውኑ ለእኔ ጻፈ።

ይህን ደብዳቤ ሳነብ እኔ አልሳቅሁም። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ጥያቄው የፈሪ ሳይሆን የአስተዋይ ጥያቄ መሆኑን ልመስክርለት ይገባኛል። አዲስ ሞተር ከመደብር ወጥቶ በገዥው እጅ መንገድ ላይ የሚቆይባቸው እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ባለቤት የጠፋባቸው ደቂቃዎች ናቸው። ሞተሩ የሻጩ ነው፤ መሪው ግን በገዥው እጅ ነው። ዋጋ አልተከፈለም፤ ኪራይም የለም። ሻጩ ቁልፉን የሰጠው ለጽድቅ ብሎ አይደለም፥ ሊሸጥ ብሎ ነው። ገዥውም የወሰደው ለሽርሽር አይደለም፥ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዕቃውን ሊያውቅ ብሎ ነው። ታዲያ አንዱ «ይህ ትውስት ነው» ሊል፥ ሌላው «የሽያጭ ዋዜማ ነው» ሊል ይችላል። በመንገድ ላይ ለተመታው ሰው ግን ይህ ክርክር ምኑም አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀው እግሩ መሰበሩን ብቻ ነው።

ደግነቱ ሕጋችን ለዚህ ለተመታው ሰው ቀደም ብሎ አስቦለታል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በቁጥር 2081 ላይ የባለ ሞተር ተሽከርካሪን ነገር ሳያወላውል ቆርጦታል። ተሽከርካሪው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ኀላፊ ነው። ይነዳው የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም ኀላፊ ነው፤ እንዲያውም ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኀላፊ ነው። ባለቤቱ «በዚያ ሰዓት ተሰርቆብኝ ነበር» ብሎ ካስረዳ ግን ይድናል። አንባቢ ሆይ፥ አስተውል፤ ሕጉ «ባለቤቱ ምን አጠፋ?» ብሎ አይጠይቅም። አደገኛ ነገር ወደ መንገድ አውጥቶ የሚያተርፍበት ሰው የአደጋውንም ሸክም ይሸከም የሚል ነው አሳቡ። እንግዲህ ፈገግ ብሎ ቁልፍ የሰጠ ሻጭ፥ ሰው በተጎዳ ጊዜ «እኔ መቼ ነዳሁና» ቢል አይሰማም።

ነገር ግን «እንግዲያው እኔ ነጻ ነኝ» ብለህ ቸኩለህ እንዳትነሣ። ያው ሕግ በቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ሁሉ የጎዳውን ይካስ ይላል። በፍጥነት ስትነዳ ወይም ዓይንህን ከመንገዱ አንሥተህ የመብራቱን ማብሪያ ስትፈልግ ሰው ከመታህ፥ ተጎጂው አንተንም ሻጩንም አንድ ላይ ሊከስ ይችላል። ሻጩ ከፍሎ ሲያበቃ ደግሞ ፊቱን ወደ አንተ ያዞራል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭተህ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀም፥ ቁጥር 2084 ሁለቱ ተሽከርካሪዎች ለጉዳቱ እኩል እንዳዋጡ ይቆጥራል። ስለዚህ «እርሱ ነው የገባብኝ» ማለት ብቻ አያድንም፤ ምስክር ያስፈልጋል።

ጥፋቱ የሞተሩ የራሱ ቢሆንስ? ይህም ይሆናል። ፍሬኑ በደንብ ያልታሰረ፥ ጎማው ለወራት በመጋዘን ቆሞ ነፋሱ የጎደለ፥ ፍሪሲዮኑ ሳይለቅ የሚይዝ አዲስ ሞተር አይታጣም። ሕጉ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥን አምራች፥ ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ይህ ኀላፊነት ይቀራል። እንግዲህ ከመነሣትህ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጠህ ሞተሩን ወደ ፊት ብትገፋው ሰነፍ የሚያሰኝህ ነገር የለም። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ያውም ሞተሩ ሳይነሣ።

አሁን ወደ መድኑ እንምጣ። በ1952 ሕጉ «ባለቤቱ ይክፈል» አለ፤ ባለቤቱ የሚከፍለው ከሌለውስ የሚለውን ግን አልመለሰም። እንግሊዞች ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጡት የመንገድ ትራፊክ ሕግ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ እንዲሆን በማድረግ መለሱ። እኛ ግን ቁጥር 2081 ከታወጀ በኋላ 48 ዓመት ቆይተን፥ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው ግዴታ ያደረግነው። ያም አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። የአዋጁ ቃል ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገር አለው፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት ብቻ ሳይሆን፥ ሌላ ሰው እንዲነዳው ማድረግንና መፍቀድንም ይከለክላል። «ወስደህ ሞክረዋ!» ማለት መፍቀድ ካልሆነ መፍቀድ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

አዋጁ ሲወጣ መድን ሰጪው እንዲከፍል የተወሰነው ጣሪያ ለሞት ከ5,000 ብር እስከ 40,000 ብር፥ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፥ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። (አንድ ሰው ከአንድ የመኪና ጎን አንሶ የተገመተበትን ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ብጽፈው፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ «መምህር፥ ተሳስተው ገልብጠውት ይሆናል» አለ። እኔም መልስ አላገኘሁለትም።) ልብ ልትለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ የመድኑ ጣሪያ የኀላፊነቱ ጣሪያ አይደለም። ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ቢፈርድ ትርፉ የሚወጣው ከኀላፊዎቹ ኪስ ነው። በሌላ በኩል ተሽከርካሪው ጭራሽ መድን ሳይኖረው ቢገኝ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር፥ ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ በሕግ ቆሟል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚያውቁት ጥቂቶችም ለተጎጂው አይነግሩትም።

የሦስተኛ ወገን መድን ስሙ እንደሚናገረው ለሦስተኛው ሰው ነው። በሞተሩ ላይ ተቀምጠህ የወደቅኸው አንተ ሦስተኛ ወገን አይደለህም፤ ሞተሩም አይደለም። የአንተ ክንድ ቢሰበር በዚያ መድን አይጠገንም፤ የራስህ የአደጋ መድን ካለህ ወይም የሻጩን ወይም የሌላውን ጥፋት ካስረዳህ በቀር ወጪው የራስህ ነው። ሞተሩ ቢጎዳ ደግሞ ሻጩ ለራሱ ዕቃ ሙሉ መድን ገብቶ እንደ ሆነ ብቻ መድን ሰጪው ይከፍላል። ያን ጊዜም ባለመድኑ ከኪሱ እንዲከፍላት የምትተው የመጀመሪያ ድርሻ አለች። ያችን ድርሻ ማን እንደሚሸከማት አስቀድሞ ካልተነጋገሩ፥ እመነኝ፥ ወደ አንተ ትመጣለች።

ከሁሉ የሚያታልለው ሻጩ «አትሥጋ፤ ሞተሩ ሙሉ መድን አለው» የሚልበት ጊዜ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የንግድ ሕጉ ቁጥር 683 ግን ካሣ የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ በባለመድኑ እግር ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ሊጠይቅ ይችላል ይላል። የሕግ ሰዎች ይህን «የመዳረግ መብት» ይሉታል። ስለዚህ የሻጩ መድን የሻጩን ሥጋት አስወግዶ፥ የአንተን ሥጋት ግን ከሻጩ ወደ ኩባንያው አዛውሮት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ጎረቤት ነው፥ ሽማግሌ ይሰማል፤ ኩባንያ ሽማግሌ አይሰማም። የሚያድንህ፥ በውሉ ላይ «ባለመድኑ ፈቅዶለት የሚነዳ ሰው» እንደ ባለመድኑ የሚቆጠር ሲሆን ነው። ይህም በአንዳንዱ ውል ላይ አለ፤ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ለመደብሩ ሠራተኞች ብቻ ነው። ዕድሜና የመንዳት ልምድ የሚቆጥርም ውል አለ። የመንጃ ፈቃድ ነገርማ አይነሣም፤ ለመኪና የተሰጠህ ፈቃድ ለሞተር እንደሚሠራ አድርገህ ከወጣህ፥ ከትራፊክ ፖሊሱም ከመድን ሰጪውም ጋር ተጣልተህ ነው የምትመለሰው።

ያልሳቅሁበትን ምክንያት እነግርሃለሁ ብዬ ነበር።

በማስተማር ሥራ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ በሐዋሳ፥ አንድ የሒሳብ መምህር ጓደኛ ነበረኝ። የሚኖረው ከትምህርት ቤቱ ርቆ ስለ ነበር ሞተር ሊገዛ ቈረጠ። እኔም አማካሪ ሆኜ አብሬው ሄድሁ። ባለ መደብሩ ደኅና ሰው ነበሩ፤ ሻይ አስመጡልን፥ «መምህራን የአገር መብራት ናችሁ» አሉን። ጓደኛዬ «ጋሼ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክረው» ሲል፥ «ውሰደው ልጄ፤ ብቻ መታወቂያ አስቀምጥልኝ» አሉት። የእርሱ መታወቂያ ቤት ቀርቶ ነበርና የእኔን ሰጠሁ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ቀረሁ፤ እርሱ ወጣ።

ሻዩ ሳይበርድ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። ከመታጠፊያው ላይ በቆሎ እሸት እየጠበሱ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ጓደኛዬ ማርሽ ሊቀንስ ሲል ነዳጁን ሰጠው፤ ሞተሩም ዘሎ ከምድጃቸው ላይ ወጣ። ስንደርስ ከሰሉ በመንገዱ ላይ ተበትኗል፤ ሴትዮዋ ቁጭ ብለው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አልጮኹም። «ልጄን አደራ፥ እንዳትመቱት» ነበር የሚሉት፤ ሕዝቡ ጓደኛዬን ከቦት ነበርና። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ነበር።

በእሑዱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ አቀማመጣችን ነው። ባለ መደብሩ ሞተራቸው ስለ ተሰበረ ከተበዳዮች ወገን ተቀመጡ። በዳዩ ጓደኛዬ ብቻ ሆነ። ተፈረደበት፤ ለሴትዮዋ የሕክምናውን ወጪና 6,000 ብር፥ ለመደብሩ ደግሞ የመብራቱንና የመሪውን ማስጠገኛ 11,000 ብር በየወሩ ከደመወዙ እንዲከፍል። ባለ መደብሩ ከኪሳቸው ያወጡት ለሽማግሌዎቹ ቡና ብቻ ነው። «መድን» የምትል ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም፤ ኮሌጅ ደርሼ ከመጣሁት ከእኔም። ሴትዮዋ በወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አኖሩ፤ እኔም በምስክርነት ፈረምሁ፤ መታወቂያዬም ተመለሰልኝ። መታወቂያዬን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መሄዴን አስታውሳለሁ።

ጓደኛዬ ዕዳውን በ10 ወር ጨርሶ ከፈለ። ሞተር አልገዛም። ሴትዮዋ እግራቸው በትክክል አልገጠመምና እያነከሱ ጥቂት ወራት እዚያው ጥግ ሠሩ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

የቁጥር 2081ን ቃል ያነበብሁት እጅግ ዘግይቼ ነው፤ ያውም ለተማሪዎች የክርክር ክበብ ርእስ ስፈልግ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆሜ በጣቴ ቈጠርሁ፤ አደጋው ከደረሰ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። ጥቂት ገጾች ገልጬ ቁጥር 2143 ላይ ስደርስ የካሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አነበብሁ። ባለቤቱ ኀላፊ መሆናቸውን ያወቅሁት፥ ያንን መጠየቅ ካለፈበት ከአራት ወር በኋላ ነው ማለት ነው። መጽሐፉን መልሼ በመደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁ፤ የዚያን ቀን ያስተማርሁት ትምህርት ምን እንደ ነበር ተማሪዎቼ ይወቁት።

ኋላ በኮሌጅ የማውቀውን አንድ የሕግ ባለሙያ አማከርሁ። «ሙሉውን ንባብ» አለኝ። ጉዳቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደ ሆነ የካሣውም ጥያቄ በዚያው በረዘመው ጊዜ ይታያል። በቸልተኝነት አካል ማጉደል ደግሞ ወንጀል ነው። «የሽማግሌዎቹ ወረቀት ምን ይላል? ሴትዮዋ ከባለ መደብሩ ላይ ያላቸውን መብት ትተዋል ወይስ ከነጂው ጋር ብቻ ነው የታረቁት? ወረቀቱን አምጣልኝ፤ እርሳቸውንም አምጣልኝ» አለ። ወረቀቱ አንድ ቅጂው በእኔ ዘንድ ነበርና ወሰድሁለት። ደጋግሞ አነበበው። የባለ መደብሩ ስም ያለው በገንዘብ ተቀባይነት ብቻ ነው። «እንግዲህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋ ይሆናል» አለኝ፤ ከዚህ የበለጠም አላለም።

ያ በር መኖሩ በጓደኛዬ ላይም የሚከፈት መሆኑን አላጣሁትም። ነገሩን ስነግረው ለብዙ ጊዜ ዝም አለና፥ «ፈልጋቸው፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለ። ከዚያ መታጠፊያ ላይ ዛሬ የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት አንዲት ኪዮስክ አለች። ባለ ኪዮስኳ ልጅ ሴትዮዋን አታውቃቸውም። ከማዶ ያሉት የጉሊት እናቶች ግን ያስታውሷቸዋል፤ «ሻሸመኔ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ» አሉን።

አንተ የወረዳው ወዳጄ፥ ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሳይፈርሙ ባለዕዳ መሆን አለ። ሞተሩን ግን ተወው አልልህም። ደመወዝህን አጠራቅመሃል፥ መንገድህም ሩቅ ነው፤ ሳይሞክሩ መግዛትም ሞኝነት ነው። ወደዚያው መደብር ተመለስና ቁልፉን ከመቀበልህ በፊት የዚያን ሞተር የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት አሳየኝ በለው፤ የሌላውን ሞተር አይደለም፥ የምትቀመጥበትን። ሰሌዳ ያልታሰረለት ሞተር ከሆነ ለመንገድ የሚያበቃው ጊዜያዊ ሰሌዳ ይኖረው እንደ ሆነ ጠይቅ። ቀኑን አንብብ፤ ትላንት ያለቀ መድን ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ከዚያም ሞተሩ ራሱ መድን ካለው ገዥ ሲሞክረው ይሸፍናል ወይ ብለህ ጠይቅና «ይሸፍናል» ካለህ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲጽፍልህ ለምነው፤ ቀንና ሰዓት፥ የሞተሩን የሻሲ ቁጥር፥ ብልሽት ቢደርስ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም። እርሱም በፈንታው አንተ እንድትፈርም የሚሰጥህ ወረቀት ቢኖረው፥ የታተመ ስለ ሆነ ብቻ አትፈርም፤ ተቀምጠህ አንብበው። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅህ ማንበብ እንዴት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። አንብበው።

ይህ ሁሉ ካልሆነለት ሌላ መላ አለ። ሻጩ ሠራተኛውን ያስነዳውና አንተ ድምፁን ስማ፤ ወይም በመደብሩ ግቢ ውስጥ፥ አጥሩ ተዘግቶ፥ ወዲያና ወዲህ በለው። የአውራ ጎዳናውን ያህል አያጠግብም፤ ፍሬኑንና ማርሹን ለማወቅ ግን ይበቃል።

እንደገና የሚስቁብህ እንደ ሆነ ይሳቁ። ሻጩ ወረቀቱን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ቢገባና ቢቆይ፥ ታግሠህ ጠብቀው፤ ምን ይዞ እንደ ወጣም ጻፍልኝ። መልስ ዘግይቶ ቢደርስህ ግን አትቀየመኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሻሸመኔ ነን።